የፒያኖው ጀርባ ቆርቆሮ

ሰኞ አመሻሽ ላይ አቢጋኤል ሱቄ ድረስ መጥታ ስልኳን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችልኝ። ኢሜይሉ አምስት መስመር ነበር። አዲስ አበባ ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የላከቻቸው ሦስት የፒያኖ ቅጂዎች እንደደረሱት፣ ነገር ግን ድምፃቸው በየቦታው ስለሚሰነጠቅ ሊገመግማቸው እንዳልቻለ፣ ንጹሕ ቅጂ እስከ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ካልላከች ማመልከቻዋ እንደሚዘጋ ይናገራል። በኤሌክትሪክ ኪቦርድ የተቀዳ እንደማይቀበሉም ታች ተጽፏል።

“አራት ቀን አለን” አልኳት።

“ሦስት ተኩል” አለች። የሒሳብ አስተማሪ ልጅ ናት።

ሦስቱንም የቀዳሁላት እኔ ነበርኩ።

ፊዚክስ ተምሬ ከተመረቅሁ ሦስት ዓመቴ ነው። በሥራ ቀን ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ስልክና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የድምፅ መቆጣጠሪያው ሚክሰር ፊት እቀመጣለሁ። ሚክሰር ያስተማረኝ ክረምት ነው ማለት ይቻላል። የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲጀምር ሰባኪው አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ እኛ ዘንድ ጌይኑ፣ የድምፅ ማስገቢያው መጠን ማለት ነው፣ ቀዩ መብራት እስኪበራ ድረስ ይከፈታል። ቀይ ካልበራ ዞር ብሎ “ድምፅ የለም” የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ሐምሌ ላይ የአቢጋኤልን ፒያኖ ልቀዳ ስሄድ እጄ ያንኑ ልማድ ይዞ ሄደ። ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ዝናቡ ቢመጣም እንዳይሸፍናት ብዬ ጌይኑን ከፈትኩት፤ ቀዩ ሲበራ ደስ አለኝ። ድምፅ ከልኩ በላይ ሲገባ ማሽኑ ጫፉን እንደሚቆርጠው፣ የተቆረጠው ደግሞ በምንም ፕሮግራም እንደማይመለስ በደንብ አውቃለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝ መልሼዋለሁ።

የአቢጋኤል አባት ጋሽ ተገኘ ጊምቢቹ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምረው፣ ጡረታ ሲወጡ ሆሳዕና የገቡ ሰው ናቸው። ፒያኖውን የገዙላት አሥራ ሁለት ዓመቷ ላይ፣ ሐዋሳን ለቀው ከሚሄዱ የውጭ አገር ሰዎች ነው። አባትና ልጅ አንድ ስምምነት አላቸው። ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ ከተቀበላት ትሄዳለች፤ ካልተቀበላት በተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ትማራለች፣ የፒያኖውም ነገር በዚያው ያበቃል። ስምምነቱን ያቀረበችው እሷ ናት። አምና ለዚሁ ብላ አንድ ዓመት ቤት ተቀምጣለች፤ ሁለተኛ ዓመት መለመን አልፈለገችም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ማይኮቼንና ላፕቶፔን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ጥፋቱ የኔ እንደነበረ ለጋሽ ተገኘ ነገርኳቸው።

“እሺ፣ ታርማለህ” አሉኝ፣ የፈተና ወረቀት እንደሚመልሱ ያህል።

ጌይኑን በግማሽ ዝቅ አድርጌ ለሙከራ መግቢያውን ብቻ እንድትጫወት ጠየቅኋት። ከሦስቱ የመጨረሻው ሥራዋ ነበር፤ እናቷ እትዬ ገነቴ በሀዲይኛ ከሚያንጎራጉሩት ዜማ ተነሥታ ራሷ ያቀናበረችው። መጀመሪያ ግራ እጇ ብቻውን አራት መስመር ይሄዳል፣ ከዚያ ቀኝ እጇ ዜማውን ይዞ ይገባል። አራቱን መስመር ቀድቼ አቆምኩና በሄድፎን ሰማሁ። መሰንጠቁ ጠፍቷል። ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ ነበር። በሐምሌው ቅጂ ውስጥ የቀበርኩት ይህንን እንደነበረ ሳውቅ አፈርኩ።

ከዚያ ግን ታች ያለችው ፋ የምትባለው ኖታ ላይ አንድ ነገር ጆሮዬን ነካው። ብርጭቆ ውስጥ የገባች ዝንብ እንደምታሰማው ያለ፣ ቀጭን፣ ቶሎ የሚጠፋ ንዝረት።

“ይሰማሻል?”

ሄድፎኑን ወስዳ ሁለት ጊዜ ሰማችው። “አዎ። ትንሽ።”

“ምን ትያለሽ?”

“ደህና ነው። ሙሉውን እንቅዳ።”

“እነሱም ከሰሙትስ? ሦስተኛ ዕድል የለም።”

“ቀድተነው ይቀመጥ፣ አሞጽ። ከዚያ ንዝረቱን ትፈልጋለህ።”

አይሆንም አልኳት። ጣቶችሽን በከንቱ አታድክሚ፤ መጀመሪያ እናጥራውና አንድ ጊዜ በደንብ እንቀዳለን አልኳት። ስልክ ስጠግንም እንዲሁ ነኝ፤ ብልሽቱን ሳላገኝ ክዳኑን አልገጥምም። ሰዎች ከአንጋጫ ድረስ ስልካቸውን የሚያመጡልኝ በዚህ ምክንያት ነው። ቀኑም ገና ማክሰኞ ነበር።

ረቡዕን በሙሉ የፋን ንዝረት ምንጭ ስፈልግ ዋልኩ። ኬብሉን ቀየርኩ፣ ማይኩን ቀየርኩ፣ መጋረጃውን አወረድኩ። አቢጋኤል በየአምስት ሰከንዱ ያችኑ አንዲት ቁልፍ ትመታለች፤ እኔ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ ወንበሩ ላይ እለጥፋለሁ።

“ልጄ፣ ግድግዳው ምን አለህ?” አሉኝ እትዬ ገነቴ ከበሩ ላይ።

“ገና እየተግባባን ነው፣ እትዬ።”

“ቀለም እንዳልተቀባ ከነገረህ ለጋሽህም አሰማልኝ።”

ትንሽ ቆይቶ ጎረቤታቸው ሰይድ ብቅ አለ። የኢሱዙ ሹፌር ነው፤ ፒያኖውን ከሐዋሳ ያመጣው እሱ ነው። “ይቺ ልጅ አንድ ቁልፍ ብቻ ቀራት እንዴ?” አለ። “ከጠዋት ጀምሮ ሚስቴ ሰው በር እያንኳኳ መስሏት ሦስት ጊዜ ከፍታለች።”

ነገሩን ስነግረው ተቀየመ። “በኔ መንገድ የተበላሸ እንዳይመስልህ። እንደ ሙሽራ ነው ያመጣሁት። ድንች ለማራገፍ በአዲሎ መዞሬ እውነት ነው፤ ግን እዚያ ቆሜ ገመዱን ሁለት ጊዜ አጥብቄያለሁ። አንጋጫ ላይ ዝናብ ሲመታን የራሴን ሸራ አለበስኩት።”

“ማንም ምንም አላለህም፣ ሰይዴ” አሉት ጋሽ ተገኘ።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ቡፌው ጋ ደረስኩ። ፋ በተመታች ቁጥር መስታወቱ ውስጥ የተደረደሩት ብርጭቆዎች አብረው ይንዘረዘራሉ። አገኘሁት አልኩ። አርባ አንድ ብርጭቆና ሁለት ደርዘን ሰሐን አንድ በአንድ ወደ መኝታ ቤት አጋዝን፤ አልጋው ላይ ደረደርናቸው።

“እንግዳ ከመጣ በመዳፋችሁ ታጠጡታላችሁ” አሉ እትዬ ገነቴ፣ ግን እሳቸውም ያመላልሱ ነበር።

እንደገና ሞከርን። ንዝረቱ ግማሽ ያህል ቀንሷል። ግማሹ አለ። አቢጋኤል ፒያኖው ላይ ተቀምጣ በዓይኗ ላፕቶፑን አመለከተችኝ። አሁኑኑ እንቅዳ ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። “የቀረችውን ላግኛት” አልኳት። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ዝናቡ መጣ። የነሱም ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ እዚያ ቤት ውስጥ መቅዳት ቀርቶ መነጋገርም አልተቻለም። ሁላችንም ተቀምጠን ጣሪያውን ስናዳምጥ ዋልን።

ሐሙስ ጠዋት ፒያኖውን ከግድግዳው ለማራቅ ወሰንኩ። ጋሽ ተገኘ፣ ሰይድ፣ አቢጋኤልና እኔ ሆነን ገፍተን አዞርነው።

ፒያኖ ከጀርባው ሲታይ ከሽቦዎቹ ኋላ ሰፊ ስስ ሳንቃ አለው። ሽቦው ይንቀጠቀጣል፤ ያንን መንቀጥቀጥ ተቀብሎ ቤት የሚሞላ ድምፅ የሚያደርገው ሳንቃው ነው። በላዩ ላይ በሰያፍ የተጣበቁ ቀጫጭን ደጋፊ እንጨቶች አሉ። በሁለት ደጋፊዎች ላይ ተሻግሮ የደብተር ስፋት ያለው የጣሪያ ቆርቆሮ ቁራጭ ተመትቶ አገኘነው። ስድስት ሚስማር አለው።

“የኔ ሥራ ነው” አሉ ጋሽ ተገኘ። አላፈሩም፤ እንዲያውም ደስ ብሏቸው ነበር። “ያኔ ወዲያው እንደመጣ አይጥ አስቸገረችን። እዚህ ጋ ሳንቃው ስንጥቅ ነበረው። በዚያ ገብታ ሆዱ ውስጥ ትወልዳለች ብዬ ፈራሁ። የእህል ጎተራ በር ላይ እንደምናደርገው ቆርቆሮ መታሁበት። ከዚያ ወዲህ አንዲት አይጥ አልገባችም።”

“ሌሊቱን ሙሉ ነው የመታው” አሉ እትዬ ገነቴ። “ለጎተራ እንኳ እንዲህ አልተጨነቀም።”

ቆርቆሮውን በጥፍሬ ነካሁት። ያችው ዝንብ ናት። አቢጋኤል ፋን መታች፣ እኔ መዳፌን ቆርቆሮው ላይ ጫንኩ፤ ንዝረቱ ጸጥ አለ። መዳፌን አነሣሁ፤ ተመለሰ። ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጌ ካጣሁ ወዲህ በተማርኩት ትምህርት እንዲህ የረካሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

“ጨርቅ ወትፉበትና ተዉት” አለ ሰይድ። “እኔ መኪናዬ ላይ የሚንኳኳውን ሁሉ ጨርቅ ነው የምወትፍበት። ሰባት ዓመት ሄዷል።”

ፈገግ አልኩ። ጨርቅ የተወተፈበት ሳንቃ ድምፁ እንደሚታፈን፣ ነገሩን ከሥሩ መንቀል እንደሚሻል በትሕትና አስረዳሁት። ያስረዳሁት በደንብ ስለነበረ ጋሽ ተገኘ ራሳቸው ጓዳ ገብተው ጉጠት አመጡልኝ።

ሚስማሮቹ ዝገዋል። የመጀመሪያዎቹን አራቱን ቀስ እያልኩ ነቀልኳቸው። አምስተኛውን ስስብ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ አንድ ድምፅ ተሰማ። ደጋፊው እንጨት ከሳንቃው ላይ በጣት ውፍረት ያህል ተላቀቀ። ስንጥቁ ከቆርቆሮው ሥር ወጥቶ፣ እያየነው፣ እስከ ታችኛው ጠርዝ ድረስ ወረደ።

ስድስተኛው ሚስማር በራሱ ወልቆ ቆርቆሮውን ይዞ ወደቀ።

የደጋፊው ሙጫ ከዓመታት በፊት ለቅቆ ኖሯል። በመንገድ ይሁን በእርጥበት፣ ወይም ገና ሐዋሳ ሳለ፣ ማወቅ አይቻልም። ስድስት ዓመት ሙሉ እንጨቱን ከሳንቃው ጋር አጥብቀው የያዙት የጋሽ ተገኘ ሚስማሮች ነበሩ። የአይጥ መከላከያ ብለው የመቱት ቆርቆሮ ፒያኖውን ይዞት ነበር። ያችን ቀጭን ንዝረት የፈጠረው እሱ ነው፤ የቀረውን ድምፅ ያዳነውም እሱ ነው። ይህንን እዚያው ቆሜ፣ ጉጠቱ እጄ ላይ እንዳለ ተረዳሁ። ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገም።

“ምቺው” አሏት ጋሽ ተገኘ።

አቢጋኤል ዞራ ተቀመጠችና ፋን መታች። ከአሁን በኋላ ዝንብ አልነበረም። ልል በር ነፋስ ሲመታው እንደሚያሰማው ያለ ነበር። ወደ ቀኝ አንድ ቁልፍ ሄደች፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። መካከል ድረስ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ከዚያ በላይ መሄድ ተወች።

የቀረውን ሐሙስ እንዴት እንዳሳለፍነው ለመንገር ያህል፦ አናጢ ጠራን። ኮላ ቀብቶ በገመድና በጣውላ ወጠረውና ሁለት ቀን ሳይደርቅ እንዳትነኩት አለን። ከዚያ በኋላም መያዙን እሱም እርግጠኛ አልነበረም። አዲስ አበባ ለሚሠራ ጓደኛዬ ደወልኩ፤ ፒያኖ ያለበት ስቱዲዮ እስከ ማክሰኞ ተይዟል አለኝ። ከተማው ውስጥ ሌላ አንድ ፒያኖ እንዳለ ሰምተን ሄደን አየነው፤ ግማሹ ቁልፍ ሲጫኑት ይወርዳል፣ አይነሣም። የሐምሌውን ቅጂ ላፕቶፔ ላይ ከፍቼ በፕሮግራም ልጠግነው ሞከርኩ። ፕሮግራሙ የተቆረጠውን ጫፍ ገምቶ ይሞላዋል፤ የሚሞላው ግን እሷ ያልተጫወተችውን ነው። አንድ ጊዜ ሰማችውና ሄድፎኑን አውልቃ መለሰችልኝ።

“ይህ ማን ነው?” አለች። ቁጣ አልነበረበትም። የምሯን ነው የጠየቀችው።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ስደርስ የመዶሻ ድምፅ እስከ ደጅ ይሰማል። በእያንዳንዱ ምት የፒያኖው ሽቦዎች ሁሉ አንድ ላይ ያቃስታሉ። ጋሽ ተገኘ የአናጢውን ገመድ ፈትተው፣ ያንኑ ቆርቆሮ መልሰው፣ በአዳዲስ ቀጫጭን ሚስማሮች እየመቱት ነበር። ሚስማሮቹን በአሮጌዎቹ ቀዳዳዎች አጠገብ፣ በማስመሪያ ለክተው፣ በእርሳስ ምልክት አድርገው ነው የሚመቱት። እትዬ ገነቴ ደጋፊውን እንጨት በሁለት እጃቸው ተጭነው ይዘዋል። ሁለቱም ቀና አላሉም።

የመጨረሻውን መቱና ወደ ኋላ ሸሽተው አዩት። “አሁንስ?” አሉኝ።

አቢጋኤል ፋን መታች። ከሐሙሱ ይሻላል። ከማክሰኞው ጋር ግን አይገናኝም፤ ስንጥቁ ታች ድረስ ስለወረደ ሳንቃው በሁለት ተከፍሎ ይንቀጠቀጣል። እውነቱን መናገር ነበረብኝ።

“ተሻሽሏል፣ ጋሼ። ግን አልተስተካከለም።”

ራሳቸውን ነቀነቁ። መዶሻውን መሬት ላይ በቀስታ አስቀመጡት።

እንዲያም ሆኖ ቀዳን። ሦስቱንም ሥራ ሳታቋርጥ አንድ ጊዜ ተጫወተችው። ጥሩ ተጫወተች፤ ይህን የምለው ላጽናናት አይደለም። ጌይኑ በልኩ ነበር፣ ቀዩ አንድም ጊዜ አልበራም። ያንን የሳንቃ መንቀጥቀጥ ሳይሸራረፍ፣ ፍጹም ንጹሕ አድርጌ ቀዳሁት። አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ላከችው።

መልሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። ሁለተኛው ቅጂ ከመጀመሪያው የማይሻል በመሆኑ ማመልከቻዋ ተዘግቷል። ፍላጎቷን ያደንቃሉ። መልካም ዕድል ይመኙላታል። ጮክ ብላ አነበበችልንና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠች።

“ይቅርታ አድርጊልኝ” አልኳት።

“አንተ ሥራህን ነው የሠራኸው” አለች። ከዚያ ወደ መኝታ ቤት ገብታ ብርጭቆዎቹን ማመላለስ ጀመረች። ሁለት ሁለት እየያዘች ትመጣለች፤ ቡፌው ውስጥ እንደነበሩበት ትደረድራለች። እናቷ ሊያግዟት ተነሡ፤ በእጇ ምልክት አስቀመጠቻቸው።

ኬብሌን ስጠቀልል ጋሽ ተገኘ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። “ማክሰኞ የቀዳኸው አለ?”

“መግቢያው ብቻ ነው፣ ጋሼ። አራት መስመር።”

“አሰማኝ።”

ሄድፎኑን ጆሯቸው ላይ አደረግሁላቸውና ከፈትኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲያልቅ፣ “የቱ ጋ ነው የሚሻክረው?” አሉ።

እንደገና ከፈትኩት፤ ፋ ላይ ሲደርስ በጣቴ አመለከትኳቸው። ግንባራቸውን ቋጠሩ። “ድገምልኝ” አሉ። ደገምኩላቸው። ሦስተኛውን ጊዜ እኔ ሳላመለክት እሳቸው ጣታቸውን አነሡ፤ ያነሡት ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ነበር።

“እኔ አልሰማሁትም” አሉ።

እኔ የጀመርኩትን ኬብል ጠቅልዬ ጨረስኩ።

“ይሰማል፣ አባዬ” አለች አቢጋኤል። ጀርባዋን ሰጥታን ቡፌው ፊት ቆማለች። “ትንሽ ይሰማል። አሞጽ እውነቱን ነው።” አንድ ብርጭቆ ወደ ብርሃኑ አንሥታ አየችው፣ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችውና ቦታው መለሰችው።

ጋሽ ተገኘ ሄድፎኑን አላወለቁም። ድምፁን ከፍ እንዳደርግላቸው ምልክት ሰጡኝ፤ ቀዩ ጋ ሳልደርስ የምችለውን ያህል ከፍ አደረግሁላቸው። ግራ እጇ ብቻውን አራቱን መስመር ሄደ። ቀኝ እጇ ዜማውን ይዞ ሊገባ ሲል፣ ያቆምኩበት ቦታ ላይ ደረሰና ጸጥ አለ። ጋሽ ተገኘ የሚቀጥል መስሏቸው ጎንበስ ብለው ይጠብቁ ነበር።